አሮጌውን አምጡ፣ አዲሱን ውሰዱ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ዘይነባ የመጨረሻዋ ልጃችን በተዳረች በዓመቱ ነው ትላለች። እኔ ከሠርጉ በፊት ይመስለኛል። በዚህ ተከራክረን አናውቅም እንጂ ብንከራከር እሷ ትረታኛለች። ብቻ በጋ ነበር። የካቲት አልቆ መጋቢት የገባበት፣ የወንዙ ውሃ ድንጋይ ለድንጋይ የሚሽሎከለክበት ጊዜ። ዓመተ ምሕረቱን የሚያውቅ ይጨምርበት።

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ሳምንት አሶሳ ገበያ ወርጄ፣ ማንጎ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ፣ "ጋሽ ይማም፣ ሞንታርቦ እኮ ሞተ፤ አልሰማህም?" ስላለችኝ ነው። ከተቀበረ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። የስንቱን ሰው ሞት ለከተማው ሲናገር ኖሮ፣ የእሱን ሞት ለእኔ የሚነግረኝ ጠፋ። ዘንቢሌን አስቀምጬ ከሴቶቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ምን ልገዛ እንደወረድኩም ጠፋኝ።

ሞንታርቦ ያሉት የገበያ ሰዎች ናቸው። ለሠርግ የሚከራየውን ትልቁን የድምፅ ማጉያ ማለታቸው ነው። ሥራው መለፈፍ ነበር። ፍየል ሲጠፋ፣ ክትባት ሲመጣ፣ ኳስ ሲኖር፣ ሰው ሲሞት፣ የእጅ ማጉያውን በትከሻው አንጠልጥሎ ከአስፋልቱ እስከ ጉልቱ ይዞራል። መጀመሪያ በራሱ በበርታዎቹ ቋንቋ ይናገራል፣ ቀጥሎ በአማርኛ። አማርኛው የራሱ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላል። ማንም አልተቀየመውም።

ሥራ ላይ ሲሆን ነጎድጓድ ነው። ከሥራ ውጭ ግን የሚያወራው በሹክሹክታ ነበር። ድምፁን ይሰስትለታል። ሻይ ሲያዝ አሳላፊው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይሰጠዋል። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ሲያዳምጥህ አንድ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ከተናገርክም በኋላ ትንሽ ይቆያል። መልሱን የሚያመዛዝን ይመስልሃል።

አንድ ደንብ ነበረው። ያላየውን አይለፍፍም። ፍየሌ ጠፋች የሚል ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ ሄዶ የታሰረችበትን ካስማ ያያል። አንድ ጊዜ አንዱ ፍየሉን ከሚስቱ ደብቆ ሸጦ፣ ጠፋች ብለህ ለፍፍልኝ ብሎ ጠራው አሉ። ሞንታርቦ ሄዶ ካስማውን አየ። ገመዱ አልተበጠሰም፤ በሥርዓት ተፈትቶ ተጠቅልሏል። ሚስትየው እዚያው ቆማለች። "ይሄ ፍየል አልጠፋም፤ ሄዷል" ብሎ ተመለሰ። ሰውየው ለወር ያህል ገበያ አልወጣም ይባላል።

"ከላም ልጅ ነው" ይል ነበር። ከላም በእነሱ ቋንቋ ቃል ማለት ነው። "ከወለድከው ታሳድጋለህ።"

እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከአሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቀስ ይላል፣ አንባቢም ቀስ ይበልልኝ። ከሞንታርቦ ጋር በሰላምታ ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። መካን ሳላይ "ያ ሐጅ" እያለ ይጠራኛል። አልሄድኩም እኮ ስለው፣ "ጺሙ ሄዷል" ይለኛል።

ያን ዓመት ከበጋው መግቢያ ላይ አንድ አይሱዙ በሰንደቅና በሙዚቃ አጊጦ ወደ አምባችን መጣ። የውሃ ሞተር የሚሸጥ ድርጅት ነው። ከላይ የቆመው ሞንታርቦ ነበር። ያን ቀን ያለውን ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ ለምን እንደማውቀው በኋላ ትረዱታላችሁ። "የውሃ ሞተር! ለራስህም ለጎረቤትህም የሚያጠጣ! በአንድ ዓመት ውስጥ ቢቆም፣ ቢሰበር፣ ውሃ አልስብ ቢል፣ አሮጌውን አምጡ፣ አዲሱን ውሰዱ! ጥያቄ የለም!"

በሬ ሸጬ ገዛሁ። ከወንዙ ዳር ያለችውን መሬት ሽንኩርት አለበስኳት። ዘይነባ መጀመሪያ አልወደደችውም ነበር፤ ውሃው ጎማውን ነፍቶ ሲወጣ ስታይ ግን ጫማዋን አውልቃ ቦዩ ውስጥ ገባች።

ከወንዙ ማዶ ከድጃ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት አለችን። ቃሪያ ታለማለች። እሷና ልጆቿ የእኔን ሽንኩርት ሲያርሙልኝ ሰንብተው፣ በወንፈሉ ሞተሩን ለሁለት ቀን ሰጠኋት። ወንፈል ያው ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ። በሬም ይሁን ጉልበት፣ ማረሻም ይሁን ሞተር፣ እኛ ዘንድ ዕቃ ብቻውን አይኖርም።

ሞተሩ ከእሷ ዘንድ በደህና ተመለሰ። እኔ ዘንድ ሌላ ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቢያስነሱት ይነሳል፣ ውሃ ግን አይስብም። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ሽንኩርት በዚያን ጊዜ ውሃ ካጣ፣ በኋላ ወንዝ ብታዞርለትም አይመለስም። ለስምንት ወይም ለዘጠኝ ቀን እንደሚታገስ አውቃለሁ። ዘይነባና ከድጃ በጄሪካን መቅዳት ጀመሩ፤ እኔ ይመለስ እንደሆነ ሦስት ቀን ሞክሬ፣ በአራተኛው ሞተሩን በባጃጅ ጭኜ አሶሳ ገባሁ።

የድርጅቱ ወኪል ወጣት ነው፤ ትሑት፣ "አባቴ" የሚል። ወንበር ሰጠኝ። ሞተሩን ገልብጦ አየው፣ ወረቀት አወጣ፣ መጠየቅ ጀመረ። መቼ ገዛህ፣ ምን ነዳጅ ትጨምራለህ፣ ስንት ሰዓት ታሠራዋለህ። ሁሉንም መለስኩ።

"ከእርስዎ ሌላ የተጠቀመበት ሰው አለ?"

የምደብቀው ነገር አልነበረኝም። ጎረቤቴ ከድጃ ሁለት ቀን አጠጥታበታለች አልኩት። እንዲያውም መልካም ነገር የነገርኩት መስሎኝ ነበር።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አከራይተውታል ማለት ነው።"

"ኧረ ወንፈል ነው፣ ልጄ።"

"ፎርሙ ላይ ወንፈል የሚባል ነገር የለም፣ አባቴ።" ወረቀቱን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ። በእንግሊዝኛ ነው። ለሌላ ሰው የሰጠ እንደሆነ ዋስትናው ይሰረዛል ይላል አለኝ። ከታች የእኔ ፊርማ አለ። ስገዛ የፈረምኩት ነው፤ አልክደውም።

ሞተሩን አውጥቼ መንገዱ ዳር አስቀመጥኩና በላዩ ተቀመጥኩ። የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። ሞንታርቦ በዚያ ሲያልፍ አየኝ። ጎንበስ ብሎ ምን ሆነሃል አለ፤ ነገርኩት። መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።  

"እኔ ጥፋት አለኝ" አለ በሹክሹክታ። "ሞተር ውሃ ሲስብ አየሁ። ወንዝ ድረስ ሄጄ አየሁ። አሮጌ ሲሰጥ፣ አዲስ ሲወሰድ ግን አላየሁም። ሳላይ ተናገርኩ።"

አንተ ምን አደረግክ፣ ያዘዙህን ነው ያልከው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። "ድርጅቱን አንተ ታውቀው ነበር? አታውቀውም። እኔን ነው የሰማህ።"

አብረን ተመልሰን ገባን። ወኪሉ ሞንታርቦን ሲያይ ደስ አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ባምባሲና ወደ ቶንጎ ሊዞሩ ነበርና የቀረውን የበጋ ሥራ በሙሉ ለእሱ አስቦለታል። አንተ እኮ የእኛ ሰው ነህ አለው። ሞንታርቦም የአንተ ሰው ከሆንኩ የተናገርኩትን ሥራልኝ አለ። ወኪሉ ሳቀ። ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው፣ ውል ውል ነው አለ። ሞንታርቦ አልሳቀም። "ለጎረቤትህ የሚያጠጣ በል ያልከኝ አንተ ነህ። ሴትዮው ጎረቤት ነው፤ አጠጣ። ምን አጠፋ?" አለው። ወኪሉ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ።

ሞንታርቦ ንግድ ቢሮ ወሰደኝ። እዚያ ያለው ሰው ደግ ነበር፤ አቤቱታዬን ራሱ ጻፈልኝ። ምስክር ቢጠይቅ ሞንታርቦ ፈረመ። ቀጠሮው ግን ከሃያ ቀን በኋላ ሆነ። ሽንኩርቱ ይሞታል እኮ አልኩት። ገብቶኛል፣ አባቴ፣ ግን ወረፋው ነው አለኝ። ያን ዕለት አራተኛው ቀን ነበር። ማታ ቤት ስገባ የላይኞቹ መደቦች ጫፋቸው ቢጫ ሆኗል። ዘይነባ አልጠየቀችኝም፤ ባዶ እጄን አየች። ትከሻዋ በጄሪካን ተልጧል።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ሞንታርቦ ሞተሩን ይዤ እንድመጣ ነግሮኝ ስለነበር በጠዋት ደረስኩ። ከድርጅቱ በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ አስቀመጠኝ። እሱ ከአጠገቤ ቆመ፣ ከንፈሩን በውሃ አራሰ፣ ማጉያውን አነሳ። እኔ ሊሰድብልኝ መስሎኝ ፈራሁ።

"የውሃ ሞተር! ለራስህም ለጎረቤትህም የሚያጠጣ! በአንድ ዓመት ውስጥ ቢቆም፣ ቢሰበር፣ ውሃ አልስብ ቢል፣ አሮጌውን አምጡ፣ አዲሱን ውሰዱ! ጥያቄ የለም!"

ይኸው ነው። አንድ ቃል አልጨመረም። ጨርሶ ዝም ይላል፤ በእጁ እኔንና ሞተሩን ያሳያል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጀምራል። መጀመሪያ ሰው ማስታወቂያ መስሎት አለፈ። ቀጥሎ ቆመ። አንድ ጋሪ ነጂ፣ "ሽማግሌው ነው እንዴ የሚሸጠው?" ብሎ ቀለደ። አንዷ ግን መጥታ ምን ሆነህ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ እሷ ለሌላው ነገረች። ሊገዛ የመጣ ሰው ከበሩ ሲመለስ በዓይኔ አየሁ።

ከቀትር በፊት ወኪሉ ፖሊስ ይዞ መጣ። ስም እያጠፋብኝ ነው ብሎ ከሰሰ። ሞንታርቦን ወሰዱት፤ እኔ ሞተሬን በጋሪ አስጭኜ ተከተልኩ።  በዕድሜዬ ጣቢያ ገብቼ አላውቅም፤ ይህ ምስኪን በእኔ ሰበብ ሊታሰር ነው ብዬ ተጨነቅኩ። ተወው፣ ሽንኩርቱ ይቅር አልኩት በጆሮው። 

የጣቢያው ኃላፊ ምን ስትል ነበር አለው። ሞንታርቦ ልናገረው ወይ ብሎ ጠየቀ። ተናገር ተባለ። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ያለ ማጉያ፣ በሙሉ ድምፁ ተናገረው። የየቢሮው በር ተከፈተ። አንዲት ጸሐፊ ሻይዋን ደፋች።

ኃላፊው ወደ ወኪሉ ዞረ። "ከዚህ ውስጥ የእናንተ ያልሆነው ቃል የትኛው ነው?"

ወኪሉ ቃሉ የእኛ ነው፣ ግን የማስታወቂያው ጊዜ አልፏል አለ።

"ዓመቱስ አልፏል?"

አላለፈም። ኃላፊው ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ ሂዱና ተስማሙ አለ። ነገር ግን በማጉያ ለመለፈፍ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለና ማጉያው እዚያው ቀረ። ያ ማጉያ እንጀራው ነበር። ከጣቢያው ስንወጣ፣ አሁንስ በቃህ ስለው፣ "አፌን አልወሰዱም" አለኝ።

በማግስቱ በባዶ ድምፁ ጀመረ። ስድስተኛው ቀን ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም። እስከ ቀትር ጠርቶ ከሰዓት በኋላ ድምፁ መሰንጠቅ ጀመረ። ውሃ አመጣለት ነበር፣ ሌላ የማደርግለት አልነበረኝም። ወኪሉ አንዴ ወጥቶ ከአሁን ወዲያ በዚህ ከተማ ማንም ድርጅት እንደማይቀጥረው ነገረው። ሞንታርቦ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማውና ወደ ጥሪው ተመለሰ።

በሰባተኛው ቀን ከመንጌ መንገድ አንድ ባጃጅ መጣ። ላዩ ላይ እንደ እኔ ያለ ሞተር ተጭኗል። ባለቤቱ በርታ ነው፤ እሱንም ልጅህ ነክቶታል ብለው መልሰውት ኖሯል። የሞንታርቦን ወሬ በገበያ ሰምቶ ነው የመጣው። ከቀትር በፊት ሌሎች ሁለት ተጨመሩ። አራት የቆሙ ሞተሮች በሩ ፊት ተሰለፉ፣ አራት ገበሬዎች በላያቸው ተቀመጥን። እኔ ከእነሱ ጋር ቋንቋ አልነበረኝም፤ ቢሆንም አንዱ ቆሎውን አካፈለኝ።

ያን ጠዋት ዘይነባ ደውላ ሦስቱ የላይ መደቦች እንዳለቁ ነግራኝ ነበር። "ዛሬ ካልጠጣ፣ ነገ የምታመጣው ሞተር ምን ሊያደርግልን ነው?" አለች። ተቆጥታ አልነበረም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወኪሉ በሠራተኛ አስጠራኝና በጓሮ በኩል ገባሁ። አዲስ ሞተር ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ አለ። "አባቴ፣ የእርስዎ ተፈቅዷል። በጓሮ በር ይውሰዱት፤ ባጃጅ እኔ አስጠራልዎታለሁ። ያንን ሰውዬ ግን ይዘውልኝ ይሂዱ" አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ እጄን ካርቶኑ ላይ አድርጌ ነበር። ቢጫ የሆነውን ማሳ እያየሁት ነበር። ከዚያ ጓደኛዬን ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ። ለሞንታርቦ ስነግረው አፈርኩ፤ ቀና ብዬም አላየሁት።

"ውሰድ፣ ያ ሐጅ" አለኝ። ሹክሹክታው ራሱ ተሰነጣጥቋል። "ሽንኩርቱ ምን አጠፋ? እነዚህን አንድ በአንድ ነው የጠራኋቸው፤ አንድ በአንድ እሸኛቸዋለሁ። ግን በፊት በር ውሰድ። ሰው ይየው። እኔም ልየው።"

ተመልሼ ገባሁ። እኔ ከሰው ጋር ተጣልቼ የማላውቅ፣ ወንበዴ ላሜን ሲነዳ እንኳ ለምኜ ያስመለስኩ ሰው ነኝ። "ልጄ፣ ስገዛ የገባሁት በፊት በር ነው፤ በዚያው ልውጣ" አልኩት።

ያ ትሕትናው ጠፋ። እንግዲያው ይቅርብዎ አለ፤ ሞተሩንም ከጠረጴዛው አወረደው። አልተነሳሁም። ግትር ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ነው። እሱ ስልክ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ከውጭ ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ይመጣል። አሮጌውን አምጡ። ይቆማል። ያስላል። አዲሱን ውሰዱ። ሠራተኞቹ ከመስኮቱ አይነቃነቁም። ወኪሉ ከአለቆቹ ጋር ይሁን ከማን አላውቅም ለረጅም ጊዜ ተነጋገረ፤ "አራት ናቸው፣ አዎ፣ ሰው ተሰብስቧል" ሲል ሰማሁ። የዙሁር አዛን ተሰማ። ዘይነባ በዚህች ሰዓት ወንዙና ማሳው መካከል ናት አልኩ በልቤ፤ ምናለ በጓሮው ወስጄው ቢሆን ኖሮ እያልኩ ራሴን ረገምኩ።

በመጨረሻ ሁለት ሠራተኞች ጠርቶ፣ "አውጡለት" አለ። በየትኛው በር እንደሆነ አልተናገረም። ልጆቹ ወደ ፊት በር ሄዱ።

ስንወጣ ሰዉ መንገድ ከፈተልን። ሞንታርቦ ካርቶኑን ዳሰሰው። ክፈቱት አለ፤ ከፈቱት። አዲስ መሆኑን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ አረጋገጠ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ የቀረችውን ድምፅ ሁሉ አውጥቶ፣ "አሮጌውን አመጣ! አዲሱን ወሰደ! አየሁ!" አለ። መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በአማርኛ።

እኔ ባጃጅ ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። ማሳው ግማሹ ዳነ። ከዳነው የከድጃን ድርሻ ሰጠን፣ ልጆቻችንን አበላን፣ ለከርሞ የሚሆን ተረፈን። ሞንታርቦ ሌላ አራት ቀን እዚያው ቆመ። ከሦስቱ ሁለቱ ሞተራቸውን አገኙ። የሦስተኛው በንግድ ቢሮው ቀጠሮ ታይቶ ከብዙ ምልልስ በኋላ ተተካለት፤ በዚያም የመሰከረው እሱ ነው።

ድምፁ ግን አልተመለሰም። ማጉያውን ሲመልሱለት የሚያሰማበት ድምፅ አልነበረውም። ወኪሉ እንዳለውም ማንም ድርጅት አልጠራውም። ከማንጎ ሻጮቹ አጠገብ ትንሽ ጥላ ሠርቶ ማንጎ መሸጥ ጀመረ። ሽንኩርት በጆንያ ይዤለት ሄድኩ፤ ስንት መደብ ዳነ ብሎ ጠይቆ፣ የዳነው ግማሽ ከሆነ እኔም ግማሽ እወስዳለሁ ብሎ ግማሹን አስመለሰኝ። ድምፅህን አስጨረስኩህ ስለው ያዝናል ብዬ ነበር። "ሰላሳ ዓመት የሰው ፍየል ስጠራበት ከርሜ፣ አንድ ቀን ለራሴ ተጠቀምኩበት" አለኝ። ከዚያ በኋላ አሶሳ በወረድኩ ቁጥር ከጥላው ሥር እቀመጥ ነበር። ሁለታችንም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው፤ እኔ ለምን ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ አላውቅም።

ማንጎ ሻጯ መቃብሩን አሳየችኝ። ልጁ እዚያ ነበር፤ አባቴን በምን ታውቀዋለህ አለኝ። ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ ብዙውን አያውቀውም ነበር። ገበያው ዛሬም ወሬውን ሲያወራ ሞንታርቦ እያለ ነው፤ ይበል፣ በፍቅር ነው። እኔ ግን በዚያ ክፉ ሰሞን ይዞ ያቆመኝን ሰው በቅጽል ስም ብቻ ትቼ ልለፍ አልፈልግም። በሽር አጣሂር ይባላል።